የሱቁ በር ላይ የቆመው ፖሊስ የማን ነው?

አትላንታ ወይም ዳላስ ውስጥ አንድ ትልቅ ግሮሰሪ (የምግብ ሱቅ) በር ላይ ፖሊስ ቆሟል። የደንብ ልብሱ ሙሉ ነው፤ ባጁ ደረቱ ላይ፣ ሽጉጡና ካቴናው ወገቡ ላይ። የከተማው ፖሊስ መኪናም በሩ አጠገብ ቆማለች። የሚያየው ሰው ሁሉ «ፖሊስ ሥራው ላይ ነው» ይላል። በዚያች ሰዓት ግን ለፖሊሱ የሚከፍለው ከተማው ሳይሆን ግሮሰሪው ነው።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ለሕንፃ ዘበኛ እንግዳ አይደለም። ዘበኛው የኤጀንሲ ነው፤ ቦርሳ ይፈትሻል፣ በር ይከፍታል፣ ነገር ሲከርርበት ፖሊስ ይጠራል። በአሜሪካ ግን ዘበኛውም፣ የሚጠራው ፖሊስም አንድ ሰው የሚሆንበት አሠራር አለ። ይህ ጽሑፍ አሠራሩ እንዴት እንደሚሄድ፣ የት ላይ እንደሚበላሽ፣ ነጋዴም ገበያተኛም ምን ማወቅ እንዳለበት ያስረዳል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በትክክል ምንድን ነው?

መጀመሪያ ሦስት ነገሮች እንለይ። ፖሊሱ በመደበኛ ተራው ሲሠራ ተረኛ ነው፤ የሚያዘውም የሚከፍለውም የፖሊስ መምሪያው ነው። ተራው ካለቀ በኋላ መምሪያው ራሱ ሲያቆየው ኦቨርታይም ይባላል፤ እዚህም ከፋዩ መምሪያው ነው። ሦስተኛው የኛ ጉዳይ ነው፤ ተራው አልቆ (ኦፍ ዱቲ ሆኖ)፣ በራሱ ፈቃድ፣ ሌላ ሰው ከፍሎት የሚሠራው። ሥራውን በብዙ ከተሞች «ዲቴይል»፣ በቴክሳስ ደግሞ «ኤክስትራ ጆብ» ይሉታል። ባንክ፣ ሱፐርማርኬት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ስታዲየም፣ የምሽት ክለብ፣ የመንገድ ሥራ፣ ሠርግ፣ ሁሉም ይቀጥራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት የሕግ ቀዳዳ አለች። የፌዴራሉ የሥራ ሰዓት ሕግ ከተወሰነ ሰዓት በላይ ለሠራ ሰው አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈለው ያዛል። ፖሊሱ ግን በራሱ ምርጫ ብቻ፣ ከመምሪያው ለተለየ ቀጣሪ ዲቴይል ከሠራ፣ ያ ሰዓት ከመምሪያው ሰዓት ጋር አይደመርም። ስለዚህ 40 ሰዓት ለከተማው፣ 24 ሰዓት ለሱፐርማርኬቱ የሠራ ፖሊስ በሰውነቱ 64 ሰዓት ሠርቷል፤ በከተማው መዝገብ ላይ ግን 40 ብቻ ነው።

ለምን ይፈቀዳል?

ሦስቱም ወገን ስለሚጠቀም። ፖሊሱ ገቢ ያገኛል። ነጋዴው ከኤጀንሲ ዘበኛ የበለጠ የሠለጠነ፣ በሕግ ማሰር የሚችል ሰው ያገኛል። ከተማው ደግሞ ከበጀቱ ሳንቲም ሳያወጣ መንገድ ላይ የሚታይ ፖሊስ ይኖረዋል፤ ደመወዝ ጨምሩልኝ የሚለው ፖሊስም ከጎን ሥራው ስለሚያገኝ ጥያቄው ይበርዳል። ይህ የመጨረሻው ምክንያት በይፋ ብዙም አይነገርም፤ አሠራሩ እስካሁን የቆየበት ዋናው ምክንያት ግን እሱ ይመስላል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

ፖሊስ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ታክሲ ቢነዳ ወይም ቤት ቢቀባ ማንም ቅር አይለውም። የቀለም ብሩሹ የራሱ ነው። የማሰር ሥልጣኑ ግን የሕዝብ ነው፤ ነጋዴው በሰዓት የሚከራየውም በዋናነት ያንን ሥልጣን ነው። የሁለት ቡድን ጨዋታ የሚመራ ዳኛ ከአንደኛው ቡድን አበል ቢቀበል ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ሰው አበሉን ያስባል፤ ዳኛው ቅን ሰው ቢሆንም እንኳ። የሥነ ምግባር ሰዎች «የጥቅም ግጭት» የሚሉት ይህንኑ ነው። ዳኛው አጭበረበረ ማለት አይደለም፤ አለማጭበርበሩን ማረጋገጥ አይቻልም ማለት ነው።

በተግባር ግጭቱ የሚፈጠረው በአብዛኛው የቤቱ ደንብ ከሕግ ጋር ሲቀላቀል ነው። አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ደንበኛ «ያዘዝኩት ይህን አይደለም፣ ግማሹን ብቻ ነው የምከፍለው» ይላል። ይህ የውል ክርክር ነው፤ ቦታው ፍርድ ቤት ነው፣ ካቴና አያስፈልገውም። ደንበኛው ሳይከፍል ለማምለጥ ሮጦ ቢወጣ ግን በብዙ ክፍለ ግዛት ወንጀል ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ የአንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ነው። ተረኛ ፖሊስ ተጠርቶ ቢመጣ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ «ይህ የኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ሊሄድ ይችላል። በዚያች ሰዓት የባለቤቱን ገንዘብ እየተቀበለ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ግን እንዲህ ብሎ መሄድ ይከብደዋል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ሥራውን ይፈልገዋልና።

ጥንቃቄ ያለባቸው መምሪያዎች ለዚህ አንድ ቀላል ደንብ አላቸው፦ ፖሊሱ ወንጀልን ብቻ ይመለከታል፤ የአለባበስ ደንብ ማስከበር፣ መታወቂያ በር ላይ ማየት፣ ሒሳብ ማስከፈል፣ ሰልፍ ማስተካከል የቤቱ ሠራተኞች ሥራ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ከዚህም አልፋ ሄዳለች። የከተማዋ ፖሊስ በግሉ ተቀጥሮ የመጠጥ ቤት በረኛ አይሆንም። ይልቁንም መጠጥ ቤቱ ለመምሪያው ይከፍላል፣ መምሪያው ፖሊሶች ይመድባል፣ ፖሊሶቹም የሚቆሙት ውጭ መንገዱ ላይ ነው። ከወጪው ከፊሉን የከተማው የመጠጥ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ሲደጉም ቆይቷል። ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው መንገድ ላይ ቤት የከፈቱ ወገኖቻችን ይህን አሠራር በደንብ ያውቁታል።

ሌላም ስውር ነገር አለ፤ መረጃ። ፖሊስ ታርጋ አስገብቶ የመኪናውን ባለቤት ስምና አድራሻ ማየት ይችላል። ለዲቴይል የቀጠረው የአፓርታማ ባለቤት «ይቺ መኪና የማን ናት?» ቢለውስ? ከ1994 ጀምሮ የመንጃ ፈቃድና የታርጋ መረጃን ያለተፈቀደ ምክንያት ማውጣት የሚከለክል የፌዴራል ሕግ አለ። በጆርጂያ አንድ ሳጅን ገንዘብ ተቀብሎ ታርጋ በመፈለጉ ተከስሶ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ፍርድ ቤቱ በ2021 የኮምፒውተር ወንጀል ሕጉ ይህን ድርጊት አይሸፍንም ብሎ ወሰነለት፤ የመምሪያውን ደንብ መጣሱ ግን አላከራከረም።

ፍርድ ቤቶች ምን ይላሉ?

ከዲሲ ወጣ ብሎ ሜሪላንድ ውስጥ ግሌን ኤኮ የሚባል መናፈሻ አለ። ዛሬ ልጆቻችሁን ፈረስ አሽከርክሪቱ ላይ ልታወጡ ትሄዱ ይሆናል። በ1960 ግን መናፈሻው ጥቁር አያስገባም ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ አምስት ጥቁር ወጣቶች ተቃውሞ ለማሰማት ገብተው እዚያው አሽከርክሪት ላይ ተቀመጡ። አንድ ሰው መጥቶ ውጡ አላቸው፤ ጊዜ ሰጣቸው፤ አልወጡም፤ አሰራቸው። ሰውየው የግል ጥበቃ ድርጅት ሠራተኛ ነበር፤ መናፈሻው ጠይቆለት ግን የካውንቲው ምክትል ሸሪፍ ሆኖ ተሹሟል፤ ባጅም ነበረው።

ጥያቄው ይህ ነበር፦ ያሰራቸው ማን ነው? መናፈሻው ነው ከተባለ፣ በወቅቱ የግል ድርጅት «አላስገባም» ማለት ይችል ነበር። መንግሥት ነው ከተባለ፣ መንግሥት በዘር መለየት አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 ወጣቶቹን ነፃ ሲያወጣ ያስቀመጠው መርህ ዛሬም ይሠራል፦ አንድ ሰው የመንግሥት ሥልጣን ካለውና በዚያ ሥልጣን እንደሚሠራ ካሳየ ድርጊቱ የመንግሥት ነው፤ ያንኑ ነገር እንደ ግለሰብ ሊያደርገው ይችል ነበር ማለት አያድነውም።

የግሌን ኤኮ ሰው ባጅ የተሰጠው ዘበኛ ነበር፤ የዛሬው ደግሞ ዘበኛ የሆነ ባለባጅ ነው። መስታወት ውስጥ እንደሚታይ መልክ ግራና ቀኙ ተቀያየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ ዳኞች ከማን እንደተከፈለው ብቻ አይጠይቁም። የደንብ ልብስ ለብሶ ነበር ወይ? ባጁን አሳየ ወይ? «ፖሊስ ነኝ» አለ ወይ? ካቴናና የመምሪያውን ሬዲዮ ተጠቀመ ወይ? የመምሪያው ደንብ ሁልጊዜ ፖሊስ ነህ ይለዋል ወይ? መልሶቹ «አዎ» እየሆኑ ሲሄዱ ተበዳዩ በሕገ መንግሥታዊ መብት ጥሰት ሊከስ ይችላል።

ነጋዴውም ሁልጊዜ አያመልጥም። ኦክላሆማ ሎተን ከተማ ውስጥ ሱቅ የሚጠብቅ ኦፍ ዱቲ ፖሊስ ደንበኞችን በሌብነት ጠርጥሮ ያዘ፤ የመጡት ተረኛ ፖሊሶችም ራሳቸው ሳያጣሩ የባልደረባቸውን ቃል ይዘው አሰሩ። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1980ዎቹ ሱቁም አብሮ ተጠያቂ ነው አለ፤ ፖሊሱና ሱቁ በአንድ እጅ ሠርተዋልና።

ሥራውን የሚያከፋፍለው ማን ነው?

ከሁሉ በላይ ውጤቱን የሚወስነው ይህ ጥያቄ ይመስለኛል፤ ሕዝቡ ግን ከሁሉ ያነሰ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። መንገዶቹ በዋናነት ሦስት ናቸው። ፖሊሱ ራሱ ከነጋዴው ጋር ይዋዋላል፤ ማኅበሩ (ዩኒየኑ) ያገናኛል፤ ወይም መምሪያው ጥያቄ ተቀብሎ፣ መድቦ፣ ገንዘቡን ሰብስቦ ይከፍላል። አሁን አሁን ደግሞ በሶፍትዌር የሚያገናኙ የግል ድርጅቶች አራተኛ ሆነው ገብተዋል።

የመጀመሪያው መንገድ እንዴት እንደሚበላሽ ኒው ኦርሊንስ አሳይታለች። በመጋቢት 2011 የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት ላይ አንድ የመምሪያውን ነገር በቅርብ የሚያውቅ ሰው ዲቴይሉን ከልብ የሚወጣ የሙስና ዋና ደም ሥር ብሎታል። ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነበር። አንድ ፖሊስ ከአንድ ድርጅት ሥራ ያገኛል። ሥራው ለአንድ ሰው ስለሚበዛ ጓደኞቹን ያስገባል፤ ማን ቅዳሜ እንደሚሠራ፣ ማን በዓል እንደሚያገኝ የሚወስነው እሱ ይሆናል። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ክፍያው ብዙ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ስለነበር መምሪያው በአንድ ሌሊት ስንት ፖሊስ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ደግሞ ማዕረጉ ተገለበጠ። ቀን ላይ ሳጅኑ ወይም አዛዡ ተራውን ፖሊስ ይቆጣጠራል። ማታ ላይ ሥራ የሚሰጠው ተራው ፖሊስ ነው፤ አዛዡ ደግሞ ተቀጣሪ። እስኪ አስቡት፤ ሰኞ ጠዋት ያ ፖሊስ አርፍዶ ቢመጣ ወይም ሰው መታ የሚል አቤቱታ ቢቀርብበት አዛዡ በምን አንጀቱ ይጽፍበታል? ሚኒያፖሊስ ላይ በሰኔ 2023 የወጣው የፍትሕ መሥሪያ ቤት ሪፖርትም ይህንኑ ነገር አንስቷል። በነገራችን ላይ ጆርጅ ፍሎይድን የገደለው ዴሪክ ሾቪን በዚያችው ከተማ ሌክ ስትሪት አካባቢ አንድ የምሽት ክለብ ውጭ ወደ 17 ዓመት ገደማ ኦፍ ዱቲ ሠርቷል። የክለቡ የቀድሞ ባለቤት ግርግር ሲነሳ ቶሎ በርበሬ ስፕሬይ ይረጭ እንደነበር በይፋ ተናግረዋል፤ ፍሎይድም እዚያው ክለብ በጥበቃ ሠርቶ ያውቃል። መምሪያው ስለዚህ ጠባዩ ከክለቡ በኩል የሚሰማበት አንድም የተበጀ መንገድ ቢኖር ኖሮ የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ዲቴይል ላይ የሚሆነው ነገር ዲቴይል ላይ ይቀራል፤ ነጋዴው ለመክሰስ አይፈልግም፣ ሳጅን አይመጣም፣ በአንዳንድ መምሪያዎችም ኦፍ ዱቲ ላይ የደረት ካሜራ ማብራት ግዴታ አልነበረም።

ኒው ኦርሊንስ ከፌዴራል መንግሥት ጋር ስምምነት ፈረመች፤ ፍርድ ቤትም በ2013 አጸደቀው። ዲቴይሉ ከፖሊስ እጅ ወጥቶ በሲቪል ሠራተኞች ለሚመራ የከተማ ቢሮ ተሰጠ። ፖሊስ ሥራ ማፈላለግ አይችልም፤ ጥሬ ገንዘብ ቀረ፤ ሥራው በተራ ይታደላል፤ የበላይ ከበታቹ ሥር ሆኖ አይሠራም፤ ደንበኛው የቢሮውን ወጪ የሚሸፍን ተጨማሪ ክፍያ ይከፍላል። ያ ሁሉ ሆኖ በ2021 አንድ የአካባቢው ቴሌቪዥን ጣቢያ የመምሪያውንና የዲቴይሉን የሰዓት መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያመሳክር በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ የተመዘገቡ ፖሊሶች አገኘ። ሁለቱ መዝገቦች የማይነጋገሩ ከሆነ ሲቪል ቢሮም ቢሆን አያድንም። በሁለት ቢላዋ መብላት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ጀርሲ ሲቲም በዚህ በኩል ተቃጥላለች። የኮንትራክተር ሥራ ላይ ያልቆሙ ፖሊሶች የቆሙ እየተባለ ሲፈረምላቸው ቆይቶ በርካታ ፖሊሶች በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነን ብለዋል። የቀድሞው የፖሊስ አዛዥ ራሳቸው የከተማው የቤቶች ባለሥልጣን ዘንድ ላልሠሩት የጥበቃ ሰዓት ከ31 ሺህ ዶላር በላይ መውሰዳቸውን በ2018 አምነዋል። ከንቲባውም ፕሮግራሙን ለማስቀረት ወሰኑ።

ሦስተኛውን መንገድ ለማየት ኒውዮርክ ትበቃለች። መምሪያው ከ1998 ጀምሮ ዲቴይል የሚመድብ ክፍል አለው፤ ድርጅቱ የፖሊሱን ሒሳብና 10 በመቶ የአስተዳደር ክፍያ ይከፍላል። ንጹሕ ነው? ከመጀመሪያው ይሻላል። ግን አዲስ ፈተና ያመጣል፤ መምሪያው ራሱ ከዲቴይል ገቢ ስለሚያገኝ «ይህ ደንበኛ አይሆነንም» ማለት ይከብደዋል።

ከተማው ራሱ «ፖሊስ ቅጠር» ብሎ ቢያስገድድስ?

ማሳቹሴትስ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። መንገድ ተቆፍሮ ቧንቧ ሲቀበር ወይም የመብራት ምሰሶ ሲተከል መኪና የሚያስተላልፈው ለረጅም ጊዜ ዲቴይል ላይ ያለ ፖሊስ ነበር። ገዥው ዴቫል ፓትሪክ በ2008 በክፍለ ግዛቱ መንገዶች ላይ ባንዲራ የያዙ ሲቪል ሠራተኞች እንዲተኩ የሚፈቅድ ደንብ ሲያወጡ ትልቅ ተቃውሞ ተነሳ። ከተሞቹ በየራሳቸው መንገድ ላይ ግን ብዙዎቹ በፖሊሱ ቀጠሉ። ከፋዩ ኩባንያው ነው ይባላል፤ ኩባንያው ግን የመብራትና የጋዝ አቅራቢ ሲሆን ወጪው ዞሮ ዞሮ በወርሃዊ ቢል ላይ ይመጣል።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ እዚህ ላይ ይገለበጣል። ግሮሰሪው ፖሊስ የሚቀጥረው ፈልጎ ነው። እዚህ ግን ፈቃድ የሚሰጠው ወገን «ካልቀጠርክ አትቆፍርም» ይላል፣ ገንዘቡን የሚያገኘውም የዚያው ወገን ሠራተኛ ነው። ፖሊሱ ያስፈልጋል የሚለውን የሚወስነው ሰው ከዲቴይሉ የሚከፈለው መሆን የለበትም፤ የትራፊክ መሐንዲስ ቢወስን ይሻላል።

ድካሙስ?

ለ17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው ንቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ፣ 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.10 እንደሚጠጋ በጥናት ታይቷል። በአብዛኛው አሜሪካ ለመኪና ነጂ ወሰኑ 0.08 ነው። የኒው ኦርሊንስ ስምምነት ፖሊስ በማንኛውም 24 ሰዓት ውስጥ ከ16 ሰዓት ከ35 ደቂቃ በላይ እንዳይሠራ፣ ዲቴይሉም በሳምንት ከ24 ሰዓት እንዳያልፍ የወሰነው ለዚህ ነው። ችግሩ መንገዱ፣ የፍርድ ቤት ምስክርነቱና የቤቱ ሥራ በዚህ ስሌት ውስጥ አለመግባታቸው ነው።

አፓርታማ ውስጥ የሚኖረው ፖሊስስ?

በብዙ ከተሞች አንዳንድ አፓርታማዎች ለፖሊስ የቤት ኪራይ ቀንሰው ወይም በነጻ ሰጥተው ግቢው ውስጥ ያኖሩታል። በምላሹ የመምሪያውን መኪና ግቢው ውስጥ ያቆማል፣ ማታ ማታ ይዞራል፣ ጩኸት ሲበዛ ያነጋግራል። ገንዘብ እጅ ለእጅ ስለማይቀያየር ብዙዎች ዲቴይል አይመስላቸውም፤ ነው እንጂ። ኪራይ የሚቀንስለት አከራዩ ነው፣ የሚያንኳኳው ደግሞ የተከራይ በር።

ተከራይ ማወቅ ያለበት ነገር አንድ ነው፦ ከቤት ማስወጣት የሚቻለው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ የሚያስፈጽመውም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሸሪፉ፣ በዲሲ የአሜሪካ ማርሻሎች ናቸው። ኪራይ ስላለፈብዎት ኦፍ ዱቲ ፖሊስ መጥቶ «እስከ ነገ ውጣ» ቢል ትእዛዙን እንዲያሳይ ይጠይቁት።

ነጋዴ ነኝ፤ ልቅጠር ብልስ?

መጀመሪያ ወደ ፖሊስ መምሪያው ደውለው ዲቴይል የሚመድብ ክፍል እንዳለ ይጠይቁ። ካለ በዚያ በኩል ብቻ ይሂዱ፤ «እኔ በርካሽ እሠራልሃለሁ፣ ቢሮው አይወቅ» የሚል ፖሊስ ከመጣ ያ ራሱ መልስ ነው። ከዚያ ሒሳቡን ይሥሩ። ብዙ ቦታ ዝቅተኛ ሰዓት አለ፤ አራት ሰዓት የተለመደ ነው፣ ሁለት ሰዓት ቢበቃዎትም የአራቱን ይከፍላሉ። ለምሳሌ ታሪፉ በሰዓት 70 ዶላር ቢሆንና ሁለት ፖሊስ ለአራት ሰዓት ቢፈልጉ 560 ዶላር፣ 10 በመቶ አስተዳደር ሲጨመር 616 ይሆናል። ዝግጅቱ ከቀረ በስንት ሰዓት አስቀድመው መንገር እንዳለብዎት ይጠይቁ፤ ካሳለፉ ሙሉውን ሊያስከፍሉዎት ይችላሉ።

ውሉ ላይ ቆም ብለው ማንበብ ያለብዎት አንቀጽ ካሳ ስለ መሸፈን የሚናገረው ነው። ብዙ ከተሞች «በዚህ ሥራ ላይ ክስ ቢመጣ ከተማውን ከወጪ ነጻ ታደርጋለህ» የሚል ያስፈርማሉ። ከመፈረምዎ በፊት ለኢንሹራንስ ወኪልዎ ይደውሉ። የብዙ መጠጥ ቤትና ሬስቶራንት ፖሊሲ በድብደባና በግጭት የሚመጣ ጉዳትን ለብቻው አግልሎ ያስቀምጣል፤ ያ ከሆነ ፖሊሱ በኃይል ሰው ቢጎዳ ኢንሹራንሱም ከተማውም ወደ እርስዎ ይጠቁማሉ። ፖሊሱ ራሱ ቢጎዳስ የሚያሳክመው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይኑርዎት።

መመሪያውንም በአንድ ገጽ ይጻፉ፦ የት እንደሚቆም፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት፣ ለማን ሪፖርት እንደሚያደርግ። ከገጹ ላይ «የማይከፍል ደንበኛን ማስከፈል» ወይም «ማን እንደሚገባ መወሰን» የሚል ነገር አይኑር። ለዚያ የራስዎ ሠራተኛ ይቁም። አካባቢው ላይ አስቸኳይ ጥሪ ቢመጣ ፖሊሱ ጥሎ ሊሄድ እንደሚችልም ይጠብቁ፤ በብዙ መምሪያ ደንብ ግዴታው ነው። የጠፋበትን ሰዓት ይክፈሉ አይክፈሉ አስቀድመው ይጠይቁ። ሲመጣና ሲሄድ ሰዓቱን እርስዎም በራስዎ ደብተር ይመዝግቡ፤ ጀርሲ ሲቲ ላይ የጎደለው ይህቺው ትንሽ መዝገብ ነበረች።

ደንበኛ ሆኜ ቢያስቆመኝስ?

በሁሉም ረገድ ፖሊስ እንደሆነ አድርገው ይያዙት፤ «አንተ እኮ ኦፍ ዱቲ ነህ» ብሎ መገፋፋት ክስ ይጨምራል እንጂ አያስለቅቅም። ስሙንና የባጅ ቁጥሩን፣ አሁን ለማን እንደሚሠራ በትሕትና ይጠይቁ። «ከዚህ ውጣ» ካለዎት ምክንያቱ ትክክል ባይሆንም ይውጡ፤ ከተነገረዎት በኋላ መቆየት ሰው ይዞታ ላይ ያለፈቃድ መቀመጥ በሚል ሊያሳስር ይችላል። ክርክሩ ከወጡ በኋላ ይምጣ። አቤቱታውን ለሁለቱም ያቅርቡ፤ ለፖሊስ መምሪያውና ለሱቁ። ሱቁ የካሜራ ቅጂውን እንዲያስቀምጥ በዚያው ቀን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ብዙ ካሜራ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በራሱ ላይ ደግሞ ይቀርጻል።

ራት ብጋብዘውስ?

በኛ ቤት እንግዳ ቆሞ አያድርም። ብርድ ላይ ሲቆም ያመሸ ፖሊስ አይቶ ክትፎ ያላቀረበ የሐበሻ ሬስቶራንት ማግኘት ይከብዳል፤ ሌሊቱ ሲያልቅ ደግሞ ፖስታ ውስጥ ጠቅለል አድርጎ «ለቤንዚን» ማለትም አለ። ቡናና ውኃ ችግር የለውም። ምግቡን ብዙ መምሪያዎች በስጦታ ደንባቸው ይገድቡታል፤ ዋጋውን ካስከፈሉትና ደረሰኝ ከሰጡት ግን ማንም አይናገረዎትም። ፖስታው ፈጽሞ አይሆንም፤ ሒሳቡ በመምሪያው በኩል ከተከፈለ በኋላ እጅ ላይ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ ፖሊሱንም ከሥራ ሊያስወጣው፣ እርስዎንም ለምርመራ ሊያስጠራዎት ይችላል። ጎበዝ ነበር ብለው ካመኑ ለአዛዡ ስሙን ጠቅሰው ደብዳቤ ይጻፉለት፤ ፋይሉ ውስጥ ይገባል።